የደምሌ ጉሮሮና የደብሪቱ ዝንጅብል

ተረቴ መጣች፤ ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል፤ ጉንፋን ያለው ግን ፊቱን አዙሮ ያነጥስ።

አንድ ደምሌ የሚባል ሰው ነበር። ሚስቱ ገና በጊዜ ሞታበት አንዲት ልጁን ስንዱን ብቻውን አሳደጋት። ጊዜው ደረሰና ስንዱ ልትዳር ሆነ። ደምሌ ሰው እንዳይቀየምበት ብሎ ሰርጉን ራሱ እየዞረ ጠራ። ተራራው ላይ ወጥቶ ማዶ ላለው ጮኸ፤ ወንዝ ወርዶ ወዲያ ላለው ጮኸ፤ ገበያ መሀል ቆሞ ለአላፊ አግዳሚው ጮኸ። አገሩን ሁሉ ጠርቶ ጨረሰና በሰርጉ ዕለት ጠዋት «እንደምን አደራችሁ» ሊል አፉን ቢከፍት ነፋስ ብቻ ወጣ። ድምፁ ጠፍቷል።

ይህ ነገር ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በዚያ አገር ሙሽራ በአባቷ ሳትመረቅ ከደጅ አትወጣም። ምርቃት ደግሞ በእጅ ምልክት አይሆንም፤ ተሰምቶ አሜን ሊባል ይገባል። ስንዱ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና «አባባ ካልመረቀኝ አልሄድም! ሙሽራው ከፈለገ እዚሁ ይደር!» እያለች ታለቅስ ጀመር። እናት የሌላት ልጅ የአባቷ ቃል እንኳ ሲቀርባት ታስቡታላችሁ? ደምሌ ለቅሶዋን እየሰማ «አይዞሽ» ማለት አቃተው። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል።

ታላቅ እህቱ እታገኝ እግሯ የማያርፍ ሴት ናት። «ጉሮሮ ነው እንጂ ሞት አይደለም፤ አንድ ስኒ ጦስኝ በማር ይበቃዋል» አለች። ጦስኙ ጣሪያው ሥር ደርቆ ተንጠልጥሏል፤ ማሩ ግን የለም፤ የቤቱ ማር ሁሉ ጠጅ ሆኗል። «ታዲያ ጠጁን ለምን አንሰጠውም?» ያለም አልጠፋ። «ጠጅ ምላስ ይፈታል እንጂ ጉሮሮ አይጠግንም» አለችና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወጣች። ጦስኙ ያለ ማር አይፈላም።

ማር ያለው ጓንጉል ዘንድ ነው። ጓንጉል ንብ አናቢ ነው። እታገኝ ስትደርስ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ጥግ ይዟል።

«ጓንጉል ወንድሜ፣ ጥቂት ማር ቁረጥልኝ።»

«እታገኝ እህቴ፣ ትናንት በጠራራ ፀሐይ ከቀፎ ሥር ስውል ምች መታኝ። ራሴ ሊፈነዳ ነው።»

«እንግዲያው ቀፎውን አሳየኝና እኔው ልቁረጥ።»

«ምን ነካሽ አንቺ፣ ደንቡ ጠፋሽ?»

የመንደሩ ደንብ እንዲህ ነው፦ ለመድኃኒት የሚሆን ነገር ባለቤቱ በገዛ እጁ ካልሰጠው አይፈውስም፤ የታመመ እጅም መድኃኒት አይቆርጥም። በዚህ ደንብ የተነሳ ስንቱ ሲያስል እንደ ከረመ ፈጣሪ ይወቅ፤ ቢሆንም ደንብ ደንብ ነው። ጓንጉል «ዳማከሴ አምጪልኝ፤ አሽቼ ላሽትተውና ግንባሬን ልታሽበት፤ ማሩን ከነሰፈፉ እሰጥሻለሁ» አለ። ጦስኙ ያለ ማር አይፈላም፤ ማሩ ያለ ጓንጉል አይቆረጥም፤ ጓንጉል ያለ ዳማከሴ ከጋቢው አይወጣም።

ዳማከሴ የብርቄ ጓሮ ሞልቶታል። ብርቄ ግን መደብ ላይ ተጠቅልላ ሆዷን ይዛ ታቃስታለች።

«ብርቄ እህቴ፣ ዳማከሴ ቀንጥሺልኝ። ጦስኙ ያለ ማር አይፈላም፤ ማሩ ያለ ጓንጉል አይቆረጥም፤ ጓንጉል ያለ ዳማከሴ ከጋቢው አይወጣም።»

«ወይኔ እታገኝ! ለሰርጋችሁ ሆዴን ላለማምደው ብዬ ትናንት እሸት ባቄላ ስበላ አመሸሁ። ይኸው ሌሊቱን ሙሉ ሲቆርጠኝ አደረ።»

«ሆድ ደግሞ ልምምድ ያስፈልገዋል?»

«አትሳቂብኝ! ጤና አዳም አምጪልኝና ልቅመስ። ቁርጠቱ ከለቀቀኝ ዳማከሴውን በሁለት እጄ እቀነጥስልሻለሁ።»

ጤና አዳም በወፍጮ ቤቱ አጥር ሥር ነው፤ ባለቤቱም ወፍጮኛው ሙሄ። ሙሄ ጉንፋን ይዞት እያነጠሰ ነው። ባነጠሰ ቁጥር ዱቄቱ ይቦንና ለሌላ ማነጠስ ይዳርገዋል። እህል ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች በሙሉ ነጭ ሆነዋል።

«ሙሄ ወንድሜ፣ ጤና አዳም ሸምጥጥልኝ። ጦስኙ ያለ ማር አይፈላም፤ ማሩ ያለ ጓንጉል አይቆረጥም፤ ጓንጉል ያለ ዳማከሴ ከጋቢው አይወጣም፤ ዳማከሴው ያለ ብርቄ አይቀነጠስም፤ ብርቄ ያለ ጤና አዳም ከመደብ አትነሳም።»

«እጥሽ!» አለ ሙሄ።

«ይማርህ።»

«ያኑርሽ። እኔማ ደስ ባለኝ... እጥሽ! በዚህ እጄ የሸመጠጥኩት ቅጠል ግን... እጥሽ! ብርቄን በቁርጠቷ ላይ ጉንፋን ይጨምርላታል። ዝንጅብል አምጪልኝ፤ አፍልቼ ልጠጣና እጄን ታጥቤ እሸመጥጥልሻለሁ።»

ዝንጅብል የሚገኘው ከደምሌ ቤት ቁልቁል፣ ምንጩ ዳር፣ እማማ ደብሪቱ ዘንድ ነው። እማማ ደብሪቱ የመንደሩ አዋላጅ ናቸው። ስንዱ ስትወለድ የተቀበሏት እሳቸው፣ እናቷ ስትሞት አዝለው ያባበሏት እሳቸው ናቸው። እታገኝ ስትደርስ እንደ ጎረምሳ ቀጥ ብለው ቆመው ዝንጅብላቸውን ይኮተኩታሉ። ራስ ምታት የለ፣ ቁርጠት የለ፣ ጉንፋን የለ። እታገኝ ተመስገን ብላ የቀረውን ቁልቁለት በሩጫ ጨረሰችው።

«እማማ ደብሪቱ፣ ዝንጅብል ይቆፍሩልኝ! ጦስኙ ያለ ማር አይፈላም፤ ማሩ ያለ ጓንጉል አይቆረጥም፤ ጓንጉል ያለ ዳማከሴ ከጋቢው አይወጣም፤ ዳማከሴው ያለ ብርቄ አይቀነጠስም፤ ብርቄ ያለ ጤና አዳም ከመደብ አትነሳም፤ ጤና አዳሙ ያለ ሙሄ አይሸመጠጥም፤ ሙሄ ያለ ዝንጅብል ማነጠሱን አይተውም!»

እማማ ደብሪቱ ቀና አላሉም። «ጦስኙ ለማን ነው?»

«ለደምሌ ነው እንጂ! ድምፁ ጠፍቶ ልጁን መመረቅ አቃተው።»

«ድምፁን ምን ወሰደበት?»

«ሰው ሲጠራ ነዋ። ማዶውን ጠራ፣ ወንዝ ወዲያውን ጠራ፣ ገበያተኛውን ጠራ።»

«እኔንስ?»

እታገኝ ዓይኗን ወደ ጎን አሸሸች። ያን ጊዜ ነው አጥሩ ላይ ያየችው። የእማማ ደብሪቱ የክት ነጭ ቀሚስ ታጥቦ ተሰጥቷል፤ ከደረቀ ቆይቷል፤ የሚያነሳው ግን አልተገኘም።

ጥፋቱ እንዲህ ነበር። ደምሌ «እማማ ደብሪቱ የቤት ሰው ናቸው፤ የቤት ሰው ደግሞ አይጠራም» ብሎ አለፋቸው። እሳቸው ደግሞ ዛሬ ይጠራኛል፣ ነገ ይጠራኛል እያሉ ጠበቁ። ደምሌ ተራራው ላይ ቆሞ ማዶ ሲጮህ ይሰማሉ፤ ቁልቁል ግን ዞር አላለም።

«እጄ ደህና ናት» አሉ እማማ ደብሪቱ። «የታመመ እጅ መድኃኒት አይቆርጥም ይባላል። የተቀየመ እጅስ ይቆርጣል? ለቂም የሚሆን ቅጠል በዚህ ጓሮ የለኝም። ሌላ አልፈልግም፣ ደምሌ በአፉ ይጥራኝ።»

«አፍ የለውማ፣ እማማ!»

«እንግዲህ እኔ ምን ላድርግ?»

እታገኝ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ነገሩን በጣቷ ትቆጥር ጀመር። ጦስኙ ያለ ማር አይፈላም፤ ማሩ ያለ ጓንጉል አይቆረጥም፤ ጓንጉል ያለ ዳማከሴ ከጋቢው አይወጣም፤ ዳማከሴው ያለ ብርቄ አይቀነጠስም፤ ብርቄ ያለ ጤና አዳም ከመደብ አትነሳም፤ ጤና አዳሙ ያለ ሙሄ አይሸመጠጥም፤ ሙሄ ያለ ዝንጅብል ማነጠሱን አይተውም፤ ዝንጅብሉ ያለ ደብሪቱ አይቆፈርም፤ ደብሪቱ ያለ ጥሪ አይነሱም፤ ጥሪው ያለ ደምሌ ድምፅ አይሆንም፤ የደምሌ ድምፅ ደግሞ ያለ ጦስኝ አይመጣም! ዞራ ዞራ እዚያው ደረሰች። ጣቷም አለቀባት።

ቢቸግራት ወደ ቤት ወጥታ ሁሉንም አንድ በአንድ ለወንድሟ ነገረችው። እኔ ዳግም ብደግመው የእኔም ጉሮሮ ስለሚዘጋ እለፉኝ። ደምሌ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። «አጥሩ ላይ ቀሚሳቸው ታጥቦ ተሰጥቷል» ስትለው ግን ዓይኑ እንባ ሞላ። ተነሳ፤ የሰርግ ጋቢውን እንደ ለበሰ ቁልቁል ወረደ። እንግዶቹ «የሙሽራዋ አባት ሊጠፋ ነው እንዴ?» ተባባሉ።

ከእማማ ደብሪቱ ደጃፍ ቆመ። ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ታጠቀ፤ ባዶ ራሱን ጎንበስ አለ። ከዚያ አፉን ከፈተ። ነፋስ ወጣ። እንደገና ከፈተ። ነፋስ። አንገቱ ሥሩ እስኪገተር ታግሎ ሦስተኛ ሲሞክር፣ የዶሮ ጫጩት የምታህል አንዲት ድምፅ «ጭ» ብላ ወጣችና ጠፋች።

እማማ ደብሪቱ ዶማቸውን ጣሉ። መጀመሪያ ሳቁ፤ ሲስቁ ቆይተው አለቀሱ።

«በቃ፣ በቃ ልጄ፣ ሰምቻለሁ!» አሉ። «ማዶ ከጮህከው ሁሉ ይህኛው በልጦ ተሰማኝ። ና ቅርጫቱን ያዝልኝ።»

ከዚያማ ምኑ ይወራል! ደብሪቱ ተጠሩና ዝንጅብሉ ተቆፈረ፤ ዝንጅብሉ ተቆፈረና ሙሄ ማነጠሱን ተወ፤ ሙሄ ማነጠሱን ተወና ጤና አዳሙ ተሸመጠጠ፤ ጤና አዳሙ ተሸመጠጠና ብርቄ ከመደብ ተነሳች፤ ብርቄ ተነሳችና ዳማከሴው ተቀነጠሰ፤ ዳማከሴው ተቀነጠሰና ጓንጉል ከጋቢው ወጣ፤ ጓንጉል ወጣና ማሩ ከነሰፈፉ ተቆረጠ፤ ማሩ መጣና ጦስኙ ፈላ። እታገኝ በመንገዱ ሁሉ ስትሮጥ ጫማዋ አንድ እግሩ የት እንደ ቀረ እስካሁን አልተገኘም።

ደምሌ ጦስኙን ፉት አለ። ትንሽ ቆይቶ ደገመ። የሙሽራው ወገን ሆታ ከዳገቱ ሥር ተሰማ። ስንዱ ከመጋረጃው ወጥታ አባቷ ጉልበት ላይ ተደፋች፤ ቤቱ ሙሉ ሰው ጆሮውን ቀሰረ። ደምሌ ጉሮሮውን ጠራረገ። ድምፁ የዛገ የበር ማጠፊያ ቢመስልም ድምፅ ነበር።

«ቆዪ ልጄ፣ አንድ የቀረችኝ ነገር አለች» አለና ቀና አለ። ከምሰሶው ሥር፣ ከሁሉ በፊት በሚታየው ቦታ፣ እማማ ደብሪቱ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ጉርሻም አፋቸው ውስጥ ነበር።

«እማማ ደብሪቱ፣ ስትወለድ እጅዎ ላይ የወደቀችውን ልጅ ዛሬ እድራለሁና ሰርጌን ጠርቼዎታለሁ፤ እንዳይቀሩብኝ።»

እማማ ደብሪቱ ጉርሻቸውን ዋጥ አደረጉ። «ምነው፣ እመጣለሁ እንጂ!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ያን ጊዜ ደምሌ እጁን ልጁ ራስ ላይ ጭኖ «ወልደሽ ሳሚ፤ ከእጅሽ እህል፣ ከደጅሽ ሰው አይጥፋ። ሩቁን ስትጠሪ ቅርቡን አትርሺ» ብሎ መረቃት። ከሁሉ በላይ ጮኸው አሜን ያሉት እማማ ደብሪቱ ነበሩ።

እኔም ይህን ሁሉ ስደረድር ጉሮሮዬ ደርቋል። ጦስኝ ያለው ያፍላልኝ፤ ማሩንም እንዳይረሳ።