የዶክተር ይመር አሎሎ

በአንድ ወቅት፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ደሴ ከተማ ውስጥ፣ ፊዚክስን ከዩኒቨርሲቲ አውጥቶ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የሚያዞር ይመር የሚባል ዶክተር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪውንም መምህሩንም አዳራሽ ይሰበስብና ስፖርተኞች የሚወረውሯትን የብረት አሎሎ ከጣሪያው በገመድ ያንጠለጥላል። ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ አሎሎዋን እስከ አገጩ ይስባታል፤ ሳይገፋ ይለቃታል። ሄዳ እየተወነጨፈች ስትመለስ ንቅንቅ አይልም። አገጩ ጋ ስትደርስ ቆም ትልና ተመልሳ ትሄዳለች።

"ካልገፏት ከተነሣችበት አልፋ አትመጣም" ይል ነበር። "ሕግ ነው።"

ሞት ግን አገጭ ጋ ደርሶ አይመለስም። ይመር ታሞ ሳለ ባለቤቱን ትርንጎን፣ "አሎሎዋን ለሚያምናት ስጪልኝ፤ ቅዳሜን እሱ ይቀጥላል" አላትና ዐረፈ።

ትርንጎ ዓመት ሙሉ ከአልጋው ሥር አኖረቻት። ቤት ስትጠርግ መጥረጊያው ይነካትና አሎሎዋ ትንከባለላለች፤ ያን ድምፅ ትወደው ነበር። ሙት ዓመቱ ሲያልፍ ግን የቅዳሜው ባዶነት ባሰባት። አንድ ቅዳሜ ተማሪና መምህር አስጠርታ፣ አሎሎዋንና አሮጌውን ገመድ በዘንቢል ይዛ ወደ አንዱ ትምህርት ቤት አዳራሽ ሄደች።

አሎሎዋ እንደ ድሮው ከጣሪያው ስትንጠለጠል፣ "የሚያምናት ይምጣ" አለች።

መጀመሪያ የተነሣው የይመር የቀድሞ ተማሪ፣ አሁን በዩኒቨርሲቲው የሚያስተምረው እንድሪስ ነበር። ገመዱን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ አሎሎዋን እስከ አገጩ ሳባት። ለቀቃት። ስትመለስ ዓይኑን አልጨፈነም። አገጩ ጋ ደርሳ ስትሄድ አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ከኋላ አንዱ፣ "በቃ፣ እኔም ፊዚክስ ነው የማጠናው!" ሲል ተሰማ። ትርንጎ የባሏን አቋቋም ያየች መሰላት።

ቀጥሎ የትምህርት ቤቱ የፊዚክስ መምህርት ውዴ መሰላል አስመጣች።

"ቲቸር፣ ጣሪያ ሊያድሱ ነው?" ተማሪዎቹ ሳቁ።

"ወሬኛ ሁላ፣ መጥታችሁ እዩ" አለች ከላይ ሆና። ገመዱ ቋጠሮው ጋ ሳስቷል። "ሕጉን አምናለሁ፤ ገመዱን ግን አላምንም።" በአዲስ ገመድ አሠረችና ቆመች። አሎሎዋ አገጯ ጋ ደርሳ ተመለሰች። እንድሪስ ሳያስበው አገጩን ዳሰሰ። ትርንጎ ባሏ ገመዱን አይቶ ያውቅ እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቀችውም ነበር።

በመጨረሻ የአሥራ አንደኛ ክፍሏ ተማሪ ኢክራም ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ቆመች። ለቀቀቻት። አሎሎዋ ስትመለስ ግን ኢክራም ዘላ ሸሸች።

"እግሬ አውጪኝ!" አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

ወዲያው አሎሎዋ ግድግዳውን መታች፤ ልስኑ ረገፈ፤ ሳቁም ተቆረጠ።

"ስለቃት እጄ ገፋ አደረጋት" አለች ኢክራም ትንፋሿ እየተቆራረጠ። "ተገፍታ ከሄደች ደግሞ ከተነሣችበት አልፋ ትመጣለች። ስላመንኳት ነው የሸሸሁት።"

"የሸሸ ሰው አመነ ይባላል?" አለ እንድሪስ።

"ገመዱ ቢበጠስብህ ኖሮ ማመንህ ምን ያደርግልህ ነበር?" አለች ውዴ።

"እናንተ ስትለቁ እጃችሁ አልተንቀጠቀጠም" አለች ኢክራም። "የእኔ ግን ተንቀጥቅጦ ገፍቷታል። ታዲያ ቆሜ ልመታ?"

ትርንጎ አሎሎዋን ከገመዱ ፈትታ፣ የልስኑን አቧራ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ታቀፈቻት። ዛሬ ወደ አልጋው ሥር እንደማትመልሳት ታውቃለች። ሦስቱም እጃቸውን ዘርግተዋል።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ሳይነቃነቅ የቆመው፣ ገመዱን የመረመረችው ወይስ የሸሸችው? አሎሎዋ የምትገባው ለማን ነው?