የማዶ ሰዎች ለቅሶ

ደጃዝማች ስንሻው ወንዝ ማዶ ያለውን አገር ሊወሩ ቢነሡ ሕዝቡ መዝመት አልወደደም። ስለዚህ አዋጅ ነጋሪያቸው ነጋሪት እየጎሰመ፣ «የማዶ ሰዎች አድኑን እያሉ ያለቅሳሉ!» ሲል በየገበያው ሦስት ወር ለፈፈ። በመጨረሻ ገበያተኛው ሁሉ «እንዝመት!» አለ።

ደጃዝማቹ ማዶ እየተሻገረች ሸክላ የምትሸጥ አንዲት ሴት የነጋሪያቸውን ቃል እንድትመሰክር በሕዝብ ፊት አስጠሩ።

«ነጋሪዬን ዋሸ ያለ ይገረፋል። በይ ተናገሪ፣ ያለቅሳሉ አያለቅሱም?»

ሴትዮዋ «አዎ» ካለች ባሏ ሊዘምት ነው፤ «የለም» ካለች ልትገረፍ ነው።

«ያለቅሳሉ እንጂ ጌታዬ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። የእነሱም ነጋሪ ‹የማዶ ሰዎች አድኑን እያሉ ነው› ስላላቸው ለእኛ ነው የሚያለቅሱት። ሊያድኑን ስንቅ እየቋጠሩ ነው።»

ደጃዝማቹ ግራ ተጋብተው፣ «ታዲያ ማን ይዝመት?» አሏት።

«ሁለቱ ነጋሪዎች ይዝመቱ፣ ጌታዬ። የሁላችንንም መከራ ከእነሱ በቀር ያየ የለም።»