«ተርፈዋል» የተባለችው የስልክ ሠራተኛ

አንድ ልሳኑ የሚባል የስልክ ሠራተኞች አለቃ ነበር፤ አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ። በእሱ ሥር የሻረግ የምትባል ሴት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምሰሶ ስትወጣ፣ ጉድጓድ ስትወርድ፣ የተበጠሰ ሽቦ ስትቀጥል ኖራለች።

አንድ ሰኞ፣ «ሽቦ ቀርቶ ስልክ ሁሉ በአየር ሊሆን ነው፤ የሚባረር ሰው አለ» ተባለ። ልሳኑ ሠራተኛውን ሰበሰበና የዘጠኝ ሰው ስም ጠርቶ፣ «ቅዳሜ ጠዋት ዋናው ቢሮ ትፈለጋላችሁ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ዘጠኙም ተባረርን ብለው አንገታቸውን ደፉ።

«እኔስ ጌታዬ?» አለች የሻረግ።

«እርስዎማ ተርፈዋል፣ እማማ! ብቻ የገበያውን መስመር እስከ ዓርብ ይጨርሱልኝ።»

የሻረግ መሬት ስማ ወጣች። ከተጠሩት አንዱ ታምሩ የጎረቤቷ የድንቄ ባል ነው። ድንቄ ስታለቅስ ብታያትም፣ የሻረግ አንጀቷ አልራራም።

«ምን ታለቃቅሺብኛለሽ? ባልሽ እጁ ሰነፍ ነው። ሥራ የሚያውቀውን ማን ይነካዋል!» አለቻት፣ ሰፈር እየሰማ።

ሳምንቱን ጭቃ ውስጥ ተንበርክካ መስመሩን ጨረሰች። ዓርብ ማታ ልሳኑ የስንብት ደብዳቤ ሰጣት።

«ተርፈዋል ብለውኝ!»

«አዎ፤ ትርፍ ነዎት። የጠራኋቸውማ አዲሱን ሥራ ሊማሩ ነው።»

«ታዲያ ያን ዕለት ምነው አልነገርከኝ?» አለች፤ አንቱታውን ትታ።

«ብነግርዎት የገበያውን መስመር ማን ይጨርስልኝ ነበር?»

ሥራ ዘመኑ ሲያልፍ ያልፋል፤ የፈረስ ጋሪውም አልፏል፣ ሽቦውም ያልፋል። ነውሩ ሰውን እስከ መጨረሻው ቀን ለማሠራት ሁለት ፍቺ ያለው ቃል ማጉረስ ነው። የጎረሰውም ቢሆን ከነውር አያመልጥም፤ ፍቺውን ሳይጠይቅ በሌላው ለቅሶ ላይ እልል ብሏልና። እናንተስ፣ አለቃ ያቆላመጣችሁ ዕለት ምን ማለቱ እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

በማግስቱ ቅዳሜ የሻረግ፣ ታምሩ ወደ ቢሮ ሳይወጣ፣ ከድንቄ ደጅ ቆመች። «ግቢ» ብትባል አልገባችም። ሰፈር እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ድንቄ፣ ሰነፍ ያልኩት ባልሽ ተመርጧል፤ የተባረርኩት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ» አለች።