ሽምግልናው ምድር ቤት ይሁን

አንድ ሸማኔ ነበረ። ቆይ ልጄ፣ አታቋርጪኝ፤ ጥያቄሽ ገብቶኛል። ወንድምሽ ከእናታችሁ ቤት አስወጣሽ፣ ዘመድ አዝማዱ ደግሞ «ለሰላም ስትዪ ተዪው» አለሽ። አንቺም «አባ፣ ዝም ብል ጽድቅ አይሆንልኝም ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እየመለስኩልሽ ነው።

ሸማኔው የሚኖረው ግድግዳ ለግድግዳ ተጠጋግቶ በተሠራ አሮጌ ሰፈር ነው። ቤቱ የአያቱ ነው፤ በድንጋይና በጭቃ የተገነባ፣ ከሥሩ ምድር ቤት ያለው። ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ እንደሚሠራ ታውቂያለሽ። ያ ጉድጓድ ያለው እዚያ ምድር ቤት ነው፤ ልጆቹ የሚበሉትም ከዚያው ነው።

ከጎኑ አንድ ሀብታም ነጋዴ ነበረ። በሁለቱ ቤቶች መካከል አህያ ከነጭነቱ የማያሳልፍ ጠባብ ክፍተት አለ፤ የሁለቱም ጣራ ውሃና የነጋዴው ቤት የልብስ እጣቢ በዚያ ወርዶ ወደ መንገድ ይፈስ ነበር። ነጋዴው አንድ በጋ ላይ ክፍተቱን በአፈር ደልድሎ ዕቃ ቤት ሠራበት። ክረምት ሲገባ ውሃው መሄጃ አጣና በግድግዳው ሥር ሰርጎ የሸማኔው ጉድጓድ ውስጥ ገባ።

ሸማኔው ምን አደረገ መሰለሽ? የራሱን ቤት ጠገነ። ግድግዳውን ከውስጥ በሲሚንቶ ለሰነው፤ ውሃው በወለሉ መጣ። ወለሉን በጠጠር ከፍ አደረገው፤ ውሃው ጠጠሩን አልፎ መጣ፣ ልስኑም አብጦ ረገፈ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት በባልዲ እየቀዳ ደጅ መድፋት ሥራው ሆነ። ድሩ ሻገተበት፣ ጉልበቱን ቁርጥማት ያዘው። ይባስ ብሎ የማዕዘኑ ድንጋይ እየላላ መጣ። ድንጋዩ ከወጣ ቤቱ ልጆቹ ላይ ይወርዳል።

ሄዶ ለነጋዴው ቢነግረው፣ «ጠበል ፈልቆልህ ይሆናል፣ ተመስገን በል» አለው። የልብስ እጣቢ አረፋ ያለበት ጠበል አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ በዚህ ዕድሜዬ አላየሁም።

ሸማኔው ቢጨንቀው ሽማግሌ ለመነ። ሽማግሌዎቹ ነጋዴው ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ፣ ጠጅ ተቀዳላቸው። «ጎረቤትህ ነው፣ ቻለው፤ ክረምት እንደሆነ ያልፋል» አሉት። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ እግራቸው ደረቅ ነበር፣ ይኸው ነው። ሸማኔውም እሺ ብሎ ተመልሶ ባልዲውን አነሳ።

በሚቀጥለው ክረምት ደግሞ ከሳሹ ነጋዴው ሆኖ አረፈው። «የዕቃ ቤቴን ነገር በየሰፈሩ እያነሳ ስሜን አጠፋው፤ ይቅርታ ይጠይቀኝ» አለ። ቀን ተቆረጠ፤ ቦታው እንደ ወትሮው የነጋዴው ሳሎን። ሸማኔው ግን በዚህ ጊዜ በቃው። «አልመጣም» ብሎ ላከባቸው። «የተጣላነው ምድር ቤት ነው፤ ሽምግልናውም ምድር ቤት ይሁን።»

ሽማግሌዎቹ እያጉረመረሙ መጡ። አግዳሚ ወንበር በጉድጓዱ ዙሪያ ተደርድሮ ጠበቃቸው። የዚያን ቀን ሸማኔው ባልዲውን አልነካውም። ገና ምርቃቱ ሳያልቅ ዝናቡ ጣለ። ውሃው መጀመሪያ ጫማቸውን አረጠበ፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚታቸው ጋ ደረሰ። ሽማግሌ አንዴ ከተቀመጠ ነገሩን ሳይጨርስ መነሳት ነውር ነው፤ ተያዩ እንጂ አልተነሱም። የተነሳው ነጋዴው ነው። «ላይ ቤት ወጥተን እንጨርሰው» አለ።

ሸማኔው ደረጃው ላይ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ተቀይመው ከወጡ በዚያ ሰፈር ከእንግዲህ ለእሱ የሚቆምለት ሰው አይኖርም፣ ቤቱም ይፈርሳል። ቢሆንም ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

«የለም ጌታዬ፣ እዚሁ ነው የምንጨርሰው» አለ። «እኔን ቻለው ብላችሁኛል፤ ችያለሁ። እስቲ እናንተ ደግሞ አንድ ከሰዓት ቻሉት።»

ታላቁ ሽማግሌ የጋቢውን ጫፍ ከውሃው አውጥቶ ጨመቀና አሸተተው። ሳሙና ሳሙና ይላል። ነጋዴውን ቀና ብሎ አየው። «ልጄ፣ ዕቃ ቤትህን ታነሳለህ ወይስ ሁላችንም እዚሁ እንደር?» አለው።

ነጋዴው አነሳ። ክፍተቱም ወደ መንገድ ዘቅዘቅ ተደርጎ በድንጋይ ተነጠፈ። ግድግዳው በአንድ ቀን አልደረቀም፤ እስከ ኅዳር ድረስ ያልበው ነበር። ሁለቱም ቢሆኑ ወዳጅ አልሆኑም፤ እግዜር ይመስገን ተባብለው ይተላለፋሉ።

እንግዲህ ልጄ፣ ሸማኔው አንቺ ነሽ። ያ ጽድቅ ያልሽው ዝምታ የወንድምሽን ውሃ በባልዲ መድፋት ነው፤ ስትደፊ ትኖሪያለሽ፣ ማዕዘንሽ ግን እየላላ ነው። እሁድ ለእርቅ የጠሩሽ እዚያው ካስወጣሽ ቤት ነው፣ እናትሽ ሳሎን። አትሂጂ። ሦስቱን ልጆችሽን አንድ አልጋ ላይ ወደምታስተኚበት ኪራይ ቤት ይምጡ፤ ወንበር ካነሳቸው አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጡ፣ ጉልበት ለጉልበት እየተጋጩ ቻዪው ይበሉሽ እስቲ። ለእሁዱ እርቅ ከተጠሩት ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነኝ፤ ትናንት ሰው ልከውብኛል። ወንድምሽ ቤት አልሄድም። እሁድ የምመጣው አንቺ ጋ ነው።