ፕላኑ ላይ የሌለው ቤት

የክፍለ ከተማው የመሬት ኃላፊ ኢንጂነር ቢያድግልኝ ሁለት ደንብ አስከባሪዎች አስከትሎ አንዲት ባልቴት ደጃፍ ደረሰ። የቆርቆሮውን በር እየደበደበ «ቤቶች! ቤቶች!» ብሎ ተጣራ። ባልቴቷ «አቤት» ብለው ከፈቱለት።

«እማማ» አለ ጥቅል ወረቀቱን እየዘረጋ፣ «በከተማው የመሬት አጠቃቀም ፕላን ይህ ቦታ የመኪና መንገድ ነው። እዚህ ቤት የሚባል ነገር የለም። ቤት አለመኖሩን አምነው ይፈርሙና እስከ ዓርብ ይልቀቁ።» እስክሪብቶም አቀበላቸው።

ባልቴቷ ፕላኑን ትክ ብለው አዩት። እውነትም ቤታቸው የለም። እስክሪብቶውን መለሱለት።

«ቤት ከሌለማ፣ ልጄ፣ ቅድም ‹ቤቶች! ቤቶች!› እያልክ የተጣራኸው መንገዱን ነዋ! በል እንግዲያው እሱ ‹አቤት› እስኪልህ ጠብቅ» አሉና በሩን ዘጉበት።