ሳይቀመስ የቀረበ

አቶ መንበሩ እኔ ነኝ ያሉ ባለሥልጣን ነበሩ። አንድ ቀን በአንድ ሐይቅ ዳር ያለች መንደር ሰዎችን ዋርካ ሥር ሰበሰቡና፣ እዚያው ሊተከል ስለታሰበው የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ሰበኩ።

«ቆሻሻውስ?» ሲሉ ጠየቁ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ። «ሐይቁን ይመርዛል፣ ካንሰር ያመጣል ሲባል ሰምተናል።»

«የሰነፍ ወሬ ነው! በብረት በርሜል ታሽጎ እዚሁ መሬታችሁ ውስጥ ይቀበራል። ሺህ ዓመት ቢቀመጥ ምንም አያደርጋችሁም፤ በእኔ ይሁንባችሁ! በሉ አሁን እጃችሁን አውጡና እንጨርስ።»

እጁን ያወጣ አልነበረም። ይልቅ የመንደሯ ጠላ ጠማቂ ብድግ ብላ በዋንጫ ጠላ ሞልታ ለእንግዳው አቀረበች። አቶ መንበሩን ውኃ ጥም ሊገድላቸው ደርሷል። ዋንጫውን ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ ግን አንድ ነገር ትዝ አላቸው፤ ሴትዮዋ እንደ ወጉ በመዳፏ ጠብ አድርጋ አልቀመሰችላቸውም። ፊቱን ያኮሳተረውን ሕዝብ ዞር ብለው አዩና ዋንጫውን መለሱላት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ምን የሚሉት መስተንግዶ ነው? ቀድመሽ ቅመሺልኝ እንጂ!»

«ጌታዬ፣ ምንም አያደርግዎትም፤ በእኔ ይሁንብዎት» አለች።

«በፍጹም! አንቺ ካልቀመስሽ አልጠጣም።»

«እንግዲያው ያንን በርሜል መጀመሪያ ከመኝታ ቤትዎ ሥር ይቅበሩትና ከነልጆችዎ ይተኙበት። እርስዎ ያንን ሲቀምሱልን፣ እኔም ይቺን እቀምስልዎታለሁ።»