የአህያዋ እናት ምስክርነት

አንድ ጊዜ፣ አውሬውም ከብቱም ከአንድ ምንጭ በሚጠጣበት አገር፣ ነብር ሲመጣ አናፍታ እንስሳቱን የምታስጠነቅቅ አንዲት አህያ ነበረች። ድምፅዋ ከሩቅ ይሰማል፤ ልቧ ግን አይረጋም። ቢራቢሮ ካየች ትከተላለች፤ ጥቂት ሄዳ ደግሞ ለምን እንደመጣች ይጠፋባታል። አንድ ማለዳ እንዲሁ ቦታዋን ትታ ስትሄድ ነብር መጣና የበግን ግልገል ወሰደ።

ዳኛው አንበሳ ጉባኤ ጠራ።

«ስንፍና ነው!» አለ አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ። «ለእኔ ስጡኝ፣ እኔ እቀጣታለሁ።»

«ለጅብ ሥጋ አደራ አይሰጥም» አለ አንበሳ።

ቀበሮ ጠጋ አለች። «አንዲት የሰባች ዶሮ ብታመጡልኝ፣ የአህያዋን ዓይን ብቻ አይቼ ሕመሟን እነግራችኋለሁ።»

አህያዋ አንገቷን ደፋች። «ሰነፍ አይደለሁም። እየፈለግሁ ነው የማይሆንልኝ» አለች።

ይህን ጊዜ መድኃኒት አዋቂዋ ኤሊ «ለእኔ ተዉልኝ» ብላ ከአህያዋ ፊት ቁጭ አለች። ዶሮ አልጠየቀችም፤ ጥያቄ ግን አበዛች።

«እንቅልፍ ይወስድሻል? ጆሮሽ ደህና ይሰማል? ያሳዘነሽ ነገር አለ?»

አንድ በአንድ መረመረች፤ ሌላ ምክንያት አላገኘችም።

«መዘንጋቱ ምንጩ ዳር ብቻ ነው ወይስ ቤትሽም?»

«የትም ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እንጃ፣ ልጅነቴን አላስታውስም።»

«እንግዲያው የሚያስታውስ ጥሩልኝ። ዛሬን ብቻ አይቶ አይፈረድም።»

የአህያዋ እናት እያነከሰች መጣች። ኤሊም ልጅቷ በልጅነቷ እንዴት እንደነበረች ጠየቀቻት።

«ኧረ እሷማ!» አለች እናት። «ሣሩን ጀምራ ትተወዋለች። መንጋው ሲቆም ትሮጣለች። ስናገር እየሰማች አትሰማኝም። ልበ ቢስ እያልኩ ስንቴ ነከስኳት!»

ኤሊ ራሷን ነቀነቀች። «ስንፍናም ጥጋብም አይደለም። ትኩረቷን መያዝ የሚያቅታት ሆና ነው የተወለደችው። አብሯት የሚቆም ጓደኛ ብትሰጧት፣ በየመሃሉም ብታሳርፏት ትችላለች።»

አህያዋ አለቀሰች። «ይኼን ሁሉ ዘመን ራሴን ስጠላ ኖርኩ» አለች።

ኤሊ አልጨረሰችም። «እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ በዘር ይሄዳል። ከቤታችሁ ሌላ እንደ እሷ ያለ ነበር?»

«ወንድሟ» አለች እናት ወደ ወንዙ እያየች። «የእሱ የባሰ ነበር። ገና ውርንጭላ ሳለ፣ እልኸኛ ነው ብዬ ‹ዓይንህን አልይ› አልኩና ከወንዙ ማዶ አባረርኩት።»

«ከዚያስ?»

«ክረምት ገባ። ወንዙ ሞላ።»

አንበሳም ኤሊ እንዳለችው እንዲሆን ፈረደ።

ከዚያ ወዲህ አህያዋ ከዝንጀሮ ጋር ቆማ፣ በየመሃሉም እያረፈች ትጠብቃለች፤ ነብርም ባዶውን ይመለሳል። በጓ ግን አህያዋን ስታይ ዛሬም ፊቷን ታዞራለች። አሮጊቷ እናት ደግሞ ወንዙ ዳር ቆማ ታናፋለች፤ ከማዶ የሚመልስላት የለም።

ከዚህ የምንማረው፣ ልጅ ሲያስቸግረን ከመቅጣታችን በፊት ምን እንደሆነ ጠይቀንና አስመርምረን ማወቅ እንዳለብን ነው፤ ዘግይቶ የመጣ ዕውቀት የቀረውን ያድናል እንጂ የሄደውን አይመልስምና።